አሮጌ ኮምፒውተር ሲወገድ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሕዝብን መረጃ ከሀርድ ዲስክ ማጥፋት

በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖረው አብዛኛው ገበሬ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም፤ ሆኖም ስሙ፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የመሬቱ ስፋትና አዋሳኝ፣ የታከመበት ሕመምና የተቀበለው እርዳታ ላለፉት ሃያ ዓመታት ያህል በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮች ውስጥ ሲመዘገብ ኖሯል። እነዚህ ኮምፒውተሮች አርጅተው ከአገልግሎት ሲወጡ የያዙት መረጃ ከውስጣቸው ካልጠፋ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በማሽኑ ሲሠራበት በኖረው ሠራተኛ ላይ ሳይሆን ማሽኑን አይቶት በማያውቀው ባለጉዳይ ላይ ነው። የአሮጌ ሀርድ ዲስክ አወጋገድ የጥገና ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ የሰው መዝገብ በእጁ ያለ ኃላፊ ሁሉ ሊጠብቀው የሚገባ አደራ ነው።

ኮምፒውተር ወደነዚህ ወረዳዎች በስፋት መግባት የጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ መንግሥት የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኘውን «ወረዳኔት» የተባለ መረብ መዘርጋት በጀመረበት ወቅት ነው። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በፕሮግራሙ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የተጠቃሚውን ስም፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ የሠራበትን ቀንና የሚከፈለውን መጠን የሚይዘው «ፓስ» የተሰኘ የክፍያና የሥራ መገኘት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ውሏል። ጉልበት ያላቸው በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርተው ሲከፈላቸው፣ አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች በቀጥታ ድጋፍ ስለሚታቀፉ፣ መዝገቡ ማን ድኻ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማን ሠርቶ ማደር እንደማይችልም ጭምር ይናገራል። የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የበጀትና የወጪ ሒሳብ «አይቤክስ» በተባለው ሥርዓት ይያዝ ጀመር። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ሲካሄድም በቀበሌ ኮሚቴ በወረቀት የተሞላው መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየተገለበጠ ለገበሬው አረንጓዴ ደብተር ተሰጠ። ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎችም ሪፖርታቸውን በኮምፒውተር መሥራት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ፣ ከማንኛውም ሥርዓት ውጭ የተጻፈውና ምናልባትም ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው መረጃ አለ። ይህም ሠራተኛው ለዕለት ሥራው በኤክሴልና በወርድ ያዘጋጀው የስም ዝርዝር፣ የክስ መልስ፣ የዲሲፕሊን ደብዳቤ፣ የድጋፍ ጠያቂዎች ማመልከቻና ስካን የተደረገ መታወቂያ ነው። ይህ ዓይነቱ ፋይል የይለፍ ቃል የለውም፣ በየትኛው ኮምፒውተር እንዳለ የሚመዘገብበት ሰነድም የለም፤ የሚገኘው ባለቤቱ ባስቀመጠበት ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ሀርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ፣ በስስ ማግኔታዊ ሽፋን የተለበጡ የአሉሚኒየም ወይም የመስታወት ሰሌዳዎች ያሉት የመረጃ ማከማቻ ነው። ሰሌዳዎቹ «ሴክተር» በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሸነሸኑ ሲሆን፣ በቀደሙት ዲስኮች አንዱ ሴክተር 512 ባይት፣ በኋላ በመጡት ደግሞ 4,096 ባይት ይይዛል። ባይት የመረጃ መለኪያ ነው፤ «ዩቲኤፍ 8» በሚባለው፣ ዛሬ በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ አንድ ባለ 4,096 ባይት ሴክተር የመቶ ያህል ሰዎችን ስም ከነአባትና ከነአያት ለመያዝ ይበቃል። 500 ጊጋባይት የሚባለው ተራ የቢሮ ዲስክ እንዲህ ያለ ሴክተር ከ120 ሚሊዮን በላይ አለው። ከዚህ ውስጥ አንዲት ሴክተር ሳትጠፋ ብትቀር የአንድ ጎጥ ነዋሪ ስም ዝርዝር ሳይነካ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ የትኛው ፋይል በየትኞቹ ሴክተሮች ላይ እንደተጻፈ የሚያውቀው ለብቻው በሚይዘው ማውጫ አማካይነት ነው። አንድ ሠራተኛ ፋይልን «ዲሊት» ሲያደርግ፣ ቀጥሎም «ሪሳይክል ቢን» የሚባለውን የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሲያራግፍ፣ ከዲስኩ ላይ የሚለወጠው በአመዛኙ ይህ ማውጫ ነው፤ የፋይሉ ስም ይሰረዝና ሴክተሮቹ ነፃ ናቸው ተብሎ ምልክት ይደረግባቸዋል እንጂ በላያቸው ያለው ጽሑፍ አይነካም። በጋይንት፣ በቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤትና በዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት የሚሠራባቸውን መጻሕፍት የሚጽፍ የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል ማጥፋት ሲፈልግ በስለት ይፍቀዋል፣ በተፋቀውም ቦታ ላይ ትክክለኛውን ይጽፋል፤ የኮምፒውተሩ «ዲሊት» ግን ብራናውን ሳይፍቅ የምዕራፉን ስም ከማውጫው ላይ ብቻ እንደማንሣት ነው። ሌላ ፋይል መጥቶ በዚያው ቦታ ላይ እስኪጻፍ ድረስ አሮጌው ለወራትና ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በነፃ የሚገኙ የፋይል መመለሻ ሶፍትዌሮችም ማውጫውን ትተው ሴክተሮቹን በቀጥታ በማንበብ ያወጡታል።

ብዙ ሰው የሚተማመንበት «ፎርማት» ማድረግም ዋስትና የሚሆነው እንደ አሠራሩ ነው። ፈጣኑ ፎርማት ባዶ ማውጫ አዘጋጅቶ ያልፋል፤ ዲስኩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ባዶ መስሎ መታየቱም የተጻፈበት ነገር አለመነካቱን የሚያሳይ ነው። ሙሉው ፎርማት ደግሞ እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ የተበላሹ ሴክተሮችን ከመፈተሽ ያለፈ አይሠራም ነበር፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን በክፍሉ ሁሉ ላይ ዜሮ እየጻፈ ያልፋል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫንም አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘውን ቦታ ከመሸፈን ያለፈ አያጠፋም። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ተመልሰው ሲከፈቱ የማይነበቡ ምልክቶች መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ይህም አንዳንዱን ሰው መረጃው የተበላሸ ሊያስመስልበት ቢችልም፣ የፊደሉ ፎንት በተጫነበት ኮምፒውተር ሰነዱ እንደተጻፈው ይነበባል።

አደጋው በሐሳብ የሚቀር እንዳልሆነ በሌላው ዓለም የተደረጉ ምርመራዎች በግልጽ አሳይተዋል። ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሸላት የተባሉ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ያገለገሉ 158 ሀርድ ዲስኮች ገዝተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ከሚሠሩት 129 ዲስኮች መካከል በአግባቡ ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ፤ ከቀሪዎቹ የሕክምና ደብዳቤዎችና ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የካናዳ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በጋና ከገዟቸው አሮጌ ዲስኮች በአንዱ ውስጥ ኖርዝሮፕ ግሩማን የተባለው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ከአገሩ መንግሥት ጋር ያደረጋቸው ውሎች ሰነዶች ተገኙ። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ የገንዘብ ተቋም ደግሞ በመረጃ ማጥፋት ምንም ልምድ ለሌለው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት በሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮችን አስረክቦ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ መረጃቸው ሳይጠፋ በበይነ መረብ ጨረታ ተሸጠው በመገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል። የዚህ ተቋም ጥፋት ለወረዳ መሥሪያ ቤት ትምህርት የሚሆነው፣ ማሽኑን ለሌላ ማስረከብ ኃላፊነቱን አብሮ እንደማያስተላልፍ ስለሚያሳይ ነው።

በጋይንትም ሆነ በስማዳ ያገለገለ ኮምፒውተር በቀላሉ አይጣልም። በመጀመሪያ ለዓመታት በግምጃ ቤት ይከማቻል፤ ከዚያም ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ቆጥሮት በጨረታ ይሸጣል፣ ወይም ለትምህርት ቤት ይተላለፋል። በጨረታ የገዛው ሰው የሚሠራውን ከማይሠራው እያገጣጠመ መልሶ ይሸጣል፤ ራሙ ወደ አንዱ፣ ፓወር ሰፕላዩ ወደ ሌላው፣ ሀርድ ዲስኩም ወደ ጥገና ቤት ወይም ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። በአዲስ አበባም ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ በየዓይነቱ ይለያያል። አንድን ዕቃ እስከ መጨረሻው መጠቀም የሚመሰገን ልማድ ነው፤ ኮምፒውተር ውድ በሆነበት አገር ዲስክን በመዶሻ እየሰባበሩ ማስወገድ እንደ መደበኛ አሠራር መወሰዱ ለወረዳ ትምህርት ቤት ሊሰጥ የሚችል ማሽን ያለ አገልግሎት እንዲቀር ያደርጋል። ትክክለኛው መንገድ ዲስኩ እየሠራ መረጃው እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ የማይችሉ ብዙ ኮምፒውተሮችን ከቢሮ ሥራ ስለሚያስወጣ፣ ጉዳዩን ይበልጥ አጣዳፊ አድርጎታል።

መረጃን ዲስኩ ሳይሰበር የማጥፋት ዋናው ዘዴ በእያንዳንዱ ሴክተር ላይ ሌላ ነገር፣ ብዙውን ጊዜ ዜሮ፣ መጻፍ ነው። ይህ ስንት ጊዜ መደገም አለበት የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አወዛግቧል። ፒተር ጉትማን የተባለው የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት በዚያን ዘመን የነበሩትን የተለያዩ የዲስክ ዓይነቶች ሁሉ ለመሸፈን እስከ 35 ጊዜ ደጋግሞ የመጻፍ ዘዴ አቅርቦ ነበር፤ ይህ ቁጥር ግን ከታሰበለት ዓላማ ውጭ ተወስዶ ለማንኛውም ዲስክ እንደ ግዴታ ተቆጠረ፣ ጉትማንም ራሱ ለኋለኞቹ ዲስኮች ሠላሳ አምስቱን ሁሉ መደጋገም ትርጉም እንደሌለው ገልጿል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያወጣው፣ በብዙ አገሮች የሚጠቀስ መመሪያ ለዘመናዊ ማግኔታዊ ዲስክ አንድ ጊዜ በሙሉው ላይ መጻፍ በቂ እንደሆነ ያስቀምጣል። ይኸው መመሪያ የማጥፋትን ሥራ በሦስት ደረጃ ይከፍላል፤ አንደኛው በተለመደው ሶፍትዌር መረጃው ተመልሶ እንዳይነበብ ማድረግ፣ ሁለተኛው በላቦራቶሪ መሣሪያ እንኳ እንዳይወጣ ማድረግ፣ ሦስተኛው ማከማቻውን ራሱን ከጥቅም ውጭ ማድረግ ነው። የወረዳ መሥሪያ ቤት ለአብዛኛው ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን በትክክል ቢፈጽም፣ ዛሬ ካለው ልማድ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ እርምጃ ይሆናል።

አፈጻጸሙም ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ባለሙያው «ዲባን» ወይም «ሽሬድ ኦኤስ» የተባሉትን ነፃ ሶፍትዌሮች በፍላሽ ላይ ጭኖ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ሲያስነሣው፣ ዊንዶውስ ስለማይሠራ የዲስኩ ሁሉም ክፍል ለመጥፋት ክፍት ይሆናል። ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት በዊንዶውስ ውስጥ ባለው «ዲስክፓርት» መሥራትም ይቻላል፤ እዚህ ላይ «ክሊን» የሚለው ትእዛዝ የክፍፍሉን መረጃ ብቻ ሲያነሣ፣ «ክሊን ኦል» የሚለው በሴክተሮቹ ሁሉ ላይ ዜሮ እንደሚጽፍ መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ የተሳሳተ ዲስክ መምረጥ ስለሆነ፣ ለሥራው የማያስፈልገው ሌላ ዲስክና ፍላሽ ሁሉ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ በዲስኩ ልጣፍ ላይ የተጻፈው ሲሪያል ቁጥር በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ጋር ሳይመሳከር ሥራው መጀመር የለበትም።

ጊዜውን ደግሞ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ 500 ጊጋባይቱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ያረጀ ዲስክ ፍጥነቱ በግማሽ ሊያንስ ስለሚችል ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መብራት በመሐል ሲጠፋ ቀሪው ክፍል ሳይነካ ስለሚቀር ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ሊጀመር ይገባል፤ በመሆኑም ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ ያለበት ቢሮ ይመረጣል። ሲያበቃ ሄክስ ማያ በሚባል ሶፍትዌር ዲስኩን በመጀመሪያ፣ በመካከልና በመጨረሻ አካባቢ ከፍቶ ማየት ጥሩ ማረጋገጫ ነው፤ በትክክል በዜሮ የጸዳ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ተደርድረው የሚታዩ ጥንድ ዜሮዎችን ብቻ ያሳያል፣ በመካከሉ አንድም ፊደል ሊታይ አይገባም። አንድ ነገር ግን ከዚህ ምርመራ ያመልጣል፤ ዲስኩ በአገልግሎት ዘመኑ እንደተበላሹ ቆጥሮ ከሥራ ያገለላቸው ሴክተሮች ተራው ሶፍትዌር ስለማይደርስባቸው ያረፈባቸውን መረጃ እንደያዙ ሊቀሩ ይችላሉ። የጤናና የፍርድ ቤት ሰነድ የነበረበት ዲስክ በዚህ ምክንያት በራሱ በዲስኩ ውስጥ በተሠራው «ሴኪዩር ኢሬዝ» በተባለው ትእዛዝ ቢጸዳ ይመረጣል።

ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ማከማቻ፣ እንዲሁም ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ የሚሽከረከር ሰሌዳ የላቸውም፤ መረጃውን በቺፕ ውስጥ ይይዛሉ፣ ቺፑም በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲጻፍበት ስለሚያልቅ ተቆጣጣሪው ጽሑፉን በየጊዜው ወደተለያየ ቦታ ያዛውረዋል። ስለዚህ ተጠቃሚው በአሮጌው ላይ የጻፈ መስሎት ሌላ ቦታ ላይ ሊጽፍ ይችላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ጥናት ለሀርድ ዲስክ የተዘጋጁት ነጠላ ፋይል የማጥፊያ ዘዴዎች በኤስኤስዲ ላይ አስተማማኝ እንዳልሆኑ አሳይተዋል። ለኤስኤስዲ የሚሆነው የአምራቹ ኩባንያ ያዘጋጀው የማጽጃ ሶፍትዌር ነው፤ ፍላሽ ግን ርካሽ ስለሆነ የሰው መረጃ ለዓመታት ሲመላለስበት ከኖረ ቺፑን ሰብሮ ማስወገዱ ይቀላል።

የማይነሣ ዲስክ በሶፍትዌር ሊጸዳ አይችልም፤ አለመነሣቱ ግን መረጃው ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሰርኪውቱ የተቃጠለ ዲስክ ሰሌዳው ደኅና ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትበታተን ከሰማይ የወደቀ፣ የተቃጠለና የተሰነጣጠቀ 400 ሜጋባይት ሀርድ ዲስክ ተገኝቶ በውስጡ ከነበረው የሳይንስ ሙከራ መረጃ 99 በመቶ ያህሉ ሊነበብ በቅቷል። ይህን ላስተዋለ ሰው ዲስክን ወደ ወንዝ መጣል ወይም መቅበር ማጥፋት ሊባል እንደማይችል ግልጽ ነው። ተራ ማግኔት ማስጠጋትም አይበቃም። ማድረግ የሚገባው ሽፋኑን በመፍቻ ከፍቶ ሰሌዳዎቹን ማውጣት፣ የአሉሚኒየሙን በመሰርሰሪያ መብሳትና ማጣመም፣ በላፕቶፕ ዲስኮች የሚበዛውን የመስታወቱን ደግሞ ስብርባሪው ዓይን እንዳይጎዳ በጨርቅ ጠቅልሎ መስበር ነው። ማቃጠል ግን ፈጽሞ መከልከል አለበት፤ ከፕላስቲኩና ከሰርኪውት ሰሌዳው የሚወጣው ጭስ መርዛማ ሲሆን፣ በብየዳው ውስጥ ያለው እርሳስም በአመዱ በኩል ወደ አፈርና ወደ ውኃ ይገባል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ያወጣው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 ይህን ዓይነቱን ቆሻሻ ከሌላው ለይቶ መያዝን ይመለከታል።

ከማጥፋት በፊት የሚመጣ፣ በክብደቱም ከማጥፋት የማያንስ ሌላ ግዴታ አለ፤ እርሱም መቀመጥ ያለበትን መለየት ነው። የጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ ውሎች በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ እየተጻፉ በአብያተ ክርስቲያናት በመቀመጣቸው፣ የታሪክ ተመራማሪዎች የዚያን ጊዜ ርስትና ጉልት እንዴት ይዞር እንደነበረ ዛሬም ሊያነቡ ችለዋል። በአንድ የወረዳ ኮምፒውተር ላይ ያለ የመሬት መዝገብም ከዚያ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ የድንበር ክርክር ሲነሣ ለምስክርነት የሚፈለገው የትናንቱ መዝገብ ነው። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 የመንግሥት ሰነድ እንደ ተራ ዕቃ በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ብቻ እንዳይወገድ የሚጠብቀውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ከመጸዳቱ በፊት የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ከባለሙያው ጋር ተቀምጦ ይዘቱን ሊያይ፣ የሚቀመጠው በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች ተገልብጦ በትክክል መከፈቱ ሊረጋገጥ ይገባል። ኮምፒውተሩን የተጠቀመበት ሠራተኛ ተዛውሮ ከሄደ በኋላ ይህን ማድረግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ርክክቡ በሚደረግበት ዕለት ቢፈጸም ይሻላል።

የተቀረውን ማጥፋት በሕግም የሚደገፍ ግዴታ ሆኗል። መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ አልፎ እንዳይቀመጥ፣ ያልተፈቀደለት ሰው እጅም እንዳይገባ ይጠይቃል፤ ጤናን የሚመለከተውን መረጃ በተለየ ጥበቃ ሥር አድርጎታል፣ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ሆኖም አዋጅ ወደ ግምጃ ቤት የሚደርሰው በቅጽ አማካይነት ነው። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን የኮምፒውተሩ ቁጥር ይመዘገባል እንጂ በውስጡ ስላለው ዲስክ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ የማስወገጃ ቃለ ጉባኤው የእያንዳንዱን ዲስክ ሲሪያል ቁጥር፣ የጸዳበትን ዘዴና ቀን፣ ያጸዳውን ባለሙያና ያረጋገጠውን ሌላ ሰው ስምና ፊርማ እንዲይዝ ቢደረግ አንድ ገጽ ወረቀት ከመጨመር በቀር ሌላ ወጪ አይኖረውም። ሥራውን የሠራውና ያረጋገጠው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ይህ ገጽ ካልተያያዘ ኮሚቴው ኮምፒውተሩን ለሽያጭ ማቅረብ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ግን መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሩን በፈቃዱና በጊዜው የሚያስወግድ መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል፤ የጋይንት የቅርብ ታሪክ ከዚህ የከፋ ሁኔታም እንዳለ ያሳያል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ከተማ በትግራይ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በቆየችባቸው ቀናት ሴቶች የመደፈር ጥቃት እንደተፈጸመባቸው፣ የከተማዋ ሆስፒታልም እንደተዘረፈና ጉዳት እንደደረሰበት አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ባወጣው ሪፖርት ገልጿል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዲስክ የሚያጸዳ ባለሙያም፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ኮሚቴም አይኖርም። ለጥቃት የተጋለጠች ሴት ለሕክምና ስትሄድ የምትሰጠው ቃል ደግሞ በማንም እጅ ሊገባ የማይገባ ነው።

ለዚህ ያለው መከላከያ መረጃው ገና ሲጻፍ እንዲመሰጠር ማድረግ ነው። ምስጠራ ማለት በዲስኩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ቁልፉን ለማያውቅ ሰው ትርጉም ወደሌለው ምልክት እንዲለወጥ ማድረግ ሲሆን፣ በዊንዶውስ ፕሮ ውስጥ «ቢትሎከር» የተባለው አገልግሎት፣ ዊንዶውስ ሆም ለተጫነባቸው ደግሞ በነፃ የሚገኘው «ቬራክሪፕት» ይህን ይሠራሉ። ዲስኩ በሙሉ ተመስጥሮ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ቢሰረቅ፣ ቁልፉ እስካልታወቀ ድረስ የወሰደው ሰው የሚያገኘው ባዶ ዕቃ ነው። በሰላም ጊዜ ሲወገድም ቁልፉን ማጥፋት መረጃውን የማይነበብ ስለሚያደርገው፣ በላዩ ላይ ዜሮ መጻፉ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሆናል። የቁልፉ አያያዝ ግን ሥርዓት ይፈልጋል፤ ቢትሎከር ሲጀመር የሚሰጠው ባለ 48 አኃዝ የመመለሻ ቁጥር ከጠፋ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሰነድም ለዘለቄታው ይዘጋል፤ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ወይም በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ከተቀመጠ ደግሞ ምስጠራው ከንቱ ይሆናል። ቁጥሩ በወረቀት ታትሞ፣ ታሽጎና ተፈርሞበት ከኮምፒውተሩ በራቀ ካዝና፣ አንዱ ቅጂ በወረዳው ሌላውም በደብረ ታቦር በዞኑ መሥሪያ ቤት ቢቀመጥ፣ አንዱ ቢሮ ጉዳት ቢደርስበት በሌላው መክፈት ይቻላል።